አርባ በርጩማ በጊቤ በረሃ

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። ገና ቁርስ ሳልቀምስ ስልኬ ላይ ፎቶ ገባ። በርጩማ ነው። የኔው በርጩማ። መቀመጫው ከዳር እስከ መሃል ተሰንጥቋል፤ ጣት ያስገባል። ከሥሩ «ይኼ ምንድነው?» የሚል ተጽፏል። ሁለተኛ ፎቶ መጣ። ሦስተኛ። ስምንተኛው ላይ መቁጠር ተውኩ።

ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ሁለት ሠራተኛ፣ አንድ መላጊያ ማሽን፣ ከእናቴ የቡና ንግድ የተረፈ አንድ ሚዛን። ጅማ ላይ በርጩማ መሸጥ ቀልድ አይደለም፤ እዚህ ሁሉም ሰው ያውቅበታል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ የወጣ ሰው መጀመሪያ ገልብጦ ሥሩን ያያል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። በተለይ ያ ባለ ሦስት እግሩ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው፣ ሚስማርም ኮላም የማያውቀው።

አዲስ አበባ ቡና ቤት የሚከፍት ደንበኛ እንደዚያ ዓይነት 40 አዘዘኝ። በ25 ቀን። እኛ በሳምንት ስድስት ብናወጣ ነው። ወይ አይሆንም ማለት ነበረብኝ፣ ወይ ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠት። አይሆንም ማለት አልወድም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዋንዛ ሲጠርቡ የኖሩ ሽማግሌ አሉ። ከልጆቻቸው ጋር ነው የሚሠሩት። ሄድኩ።

«አባባ፣ 40 በርጩማ በ20 ቀን ይደርሳል?»

ትንሽ ዝም አሉ። መሮውን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ «ልጄ፣ መጥረቡስ ይደርሳል። እንጨቱ ነው የማይደርሰው» አሉኝ።

እኔ ነጋዴ ነኛ! ዋጋ ጨምሪ ማለታቸው መሰለኝ። «በአንዱ መቶ ብር እጨምራለሁ» አልኳቸው። አዩኝ። «እሺ፣ እንዳልሽ» አሉ። በሥራዬ ኮርቼ ወጣሁ። 22 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ፤ አንድ ገጽ ውልም ተፈራረምን። ብዛት፣ ዋጋ፣ ቀን። እንዲያውም «በደረቅ እንጨት» የሚል ቃል አስገብቼበታለሁ፤ ብልጥ ነኝ።

በ20ኛው ቀን 40ውም ደረሱ። ቅርጻቸው ያምራል። ከብደውኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አንዱን ሳነሳ «ወፍራም አድርገው ጠርበውታል» ብዬ አለፍኩት። ሠራተኞቼ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ቫርኒሽ ቀባን፣ አይሱዙ ላይ ተጫነ፣ ሸራ ለበሰ።

ጅማ መስከረምንም ዝናብ አይለቃትም። አየሩ እርጥብ ነው፤ እዚህ የተቀመጠ እንጨት ውሃውን ቀስ እያለ ነው የሚተወው። ከዚህ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ጊቤ አለ። መኪናው ጎማ ፈንድቶበት እዚያ ግማሽ ቀን ቆመ። ሸራ ሥር፣ በጊቤ ፀሐይ። እንጨት ከላይ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ አልኮማተርም ይላል። በዚያ ግብግብ መሃል ይሰነጠቃል። ጫፉ፣ ግንዱ በተቆረጠበት በኩል ያለው፣ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ይኼን ሁሉ አውቃለሁ። ከእንጨት ጋር ነው ያደግኩት። ለጠራቢው ግን አልነገርኩም፤ በርጩማው የት እንደሚሄድ እንኳ አልነገርኩም።

ከ40ው 17 ተሰነጠቁ። ደንበኛዬ ቡና ቤቱን በላስቲክ ወንበር ከፈተ። የመክፈቻውን ፎቶ ስላልላከልኝ ብቻ አመሰግነዋለሁ።

ውሌን ይዤ አንድ የማውቀው ጠበቃ ጋ ሄድኩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣ። ሥራ የሚቀበል ሰው ውጤቱን በራሱ ኃላፊነት ለማስረከብ ነው የሚገባው፣ ውሉ ደግሞ ደረቅ እንጨት ይላል፣ መጠየቅ ትችያለሽ አለኝ። ደስ አለኝ። ተናድጄ፣ ወረቀቴን ይዤ ሽማግሌው ቤት ገባሁ።

አልተቆጡም። ወደ ማድ ቤት ወሰዱኝ። ከምድጃው በላይ ቆጥ አለ፤ ቆጡ ላይ ዘጠኝ በርጩማ ተደርድሯል። ጭስ አጥቁሯቸዋል። አንዱን አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡት። ቀላል ነው፤ ባዶ ቅል የያዝኩ መሰለኝ። ሳንኳኳው ጮኸ።

«ይኼ የክረምት መግቢያ ነው» አሉኝ። «እርጥቡን እንጠርበዋለን፣ ለመሮ ይመቻል። ከዚያ እዚህ ይወጣል። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። አንቺ 20 ቀን አልሽኝ። እንጨቱ አይደርስም አልኩሽ፤ መቶ ብር ጨመርሽልኝ።»

ምን ይባላል?

«ደረቅ ይላል እኮ ውሉ፣ አባባ።»

«የቱን ደረቅ? መጥረቢያ ሲያርፍበት ውሃ የማያወጣውም ደረቅ ነው። ጭስ የጠገበውም ደረቅ ነው። ሂርማታ የሚገዛኝ ሰው ቤቱ ወስዶ ራሱ ያደርቀዋል፣ እዚሁ ነው የሚቀመጥበት። ይኼ አገር ሊለቅ ነው መች አልሽኝ?»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። 17ቱን እንደገና ሊጠርቡልኝ ተስማሙ፤ እንጨቱን እኔ ገዛሁ። ዋንዛ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ዝም ብሎ አይገዛም፣ የፈቃድ ወረቀቱን ስከታተል አንድ ሳምንት አለፈ። ያ ትእዛዝ ያስገኘልኝ ትርፍ የለም። ከኪሴ ነው የወጣው።

ሥራ ለውጪ ሰው መስጠቱን ግን አልተውኩም። ሰው ሁሉ «እኔ ካልሠራሁት አይሆንም» ይላል፤ እኔም ለአንድ ወር ያህል ብዬ ነበር። ግን ሌሊት ሌሊት ደረሰኝ ስለቃቅም ማደሬንም አስታውሳለሁ። የሒሳብ መዝገቡን በወር አንዴ ለሚመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ከሰጠሁ ወዲህ እንቅልፍ አገኘሁ። የደንበኛ ስልክ እንዲያነሳልኝ የአክስቴን ልጅ ቀጥሬም ነበር፤ ሁሉንም ትእዛዝ «ነገ ይደርሳል» እያለ ሲያበላሽብኝ ሳምንትም አልቆየ።

ከሽማግሌው ጋር አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት መንትያ በርጩማዎች አሉ፤ አንዱ እሳቸው ቆጥ ላይ፣ አንዱ እኔ ሱቅ። ውሉ ላይ «ደረቅ» የሚል ቃል የለም። «እንደ መንትያው» ይላል። አዲስ ቅርጽ ሲሆን መጀመሪያ ሦስት ብቻ ነው የማዘው። ክፍያው ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ ተጠርቦ ሲያልቅ፣ ከቆጥ ሲወርድ፣ የመጨረሻው ከሚዛን በኋላ። ማሸቱንና ቫርኒሹን ለማንም አልሰጥም። በርጩማውን እጄ ላይ የማገላብጠው ያን ጊዜ ነው፤ ሲከብደኝ ደግሞ አሁን አላልፍም።

ሚዛኑ የእናቴ ነው። እያንዳንዱን በርጩማ እመዝንና ክብደቱን ከሥሩ በእርሳስ እጽፋለሁ። በሳምንቱ ደግሜ እመዝናለሁ። እየቀነሰ ከሆነ ውሃ አለው ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ እቀበላለሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ ሲያዩኝ በሳቅ ሞቱ። «እንደ ቡና ትመዝኚዋለሽ!» አሁን የልጅ ልጃቸው እዚያም ይመዝናል፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ።

ባለፈው ሰኔ ደግሞ ለሌላ ደንበኛ 30 ሰጥቻቸው ነበር። ቀኑ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ደወሉ።

«ልጄ፣ አራቱ እንቢ ብለዋል። 26 ነው ያለሽ።»

«ለእነሱ ስንት ቀን ይበቃል፣ አባባ?»

«እንጨቱን ጠይቂው።»

ስልኩን ዘግቼ ደንበኛዬ ጋ ደወልኩ። 26 ነው የሚደርስልህ፣ አራቱ ይቆያሉ አልኩት።