ሐረጎ ሲካፈል ለ87

ዛሬ እጄ ለሥራ አልዘረጋ ብሏል። ታህሳስ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። የደሴን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ላይ ላብ፣ ጥላ ውስጥ ጥርስ ማንገጫገጭ። ጋቢዬን ተከናንቤ ስልኬ ላይ ተተክያለሁ። እትዬ በበሩ ብቅ እያለች ታየኝና ምንም ሳትል ትመለሳለች። ዝምታዋ ከቁጣዋ ይከፋል።

የማየው ባቡር ነው። ያውም የመጫወቻ።

አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ በግቢው ዙሪያ፣ በአጥሩ ሥር ሐዲድ ዘርግቷል። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ ግቢው ነጭ ሆኗል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ እሳት እንደመሞቅ፣ ከሞተሯ ፊት በረዶ መጥረጊያ ገጥሞ ለቀቃት። መብራቷን አብርታ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ በረዶ ግራና ቀኝ እየበተነች መጣች። ኩርባው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ከላይ የሱፍ ጓንት ያጠለቀ ግዙፍ እጅ ወረደ። በአንድ ጣቱ ነካ አደረጋት። ሄደች።

ለምን እንደቆመች ገብቶኛል። እንዲህ ያሉት ባቡሮች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት ከሐዲዱ ነው፤ በጎማቸው በኩል። በጎማውና በሐዲዱ መካከል ስስ በረዶ ከገባ መብራት ጠፋ ማለት ነው። ለዚህ ሲሉ አንዳንዶቹ ባትሪ ፉርጎው ውስጥ ይደብቃሉ። ግራሶውም በብርድ ይጠጥርና ሞተሩን ያስጨንቀዋል። እንደ ባለሙያ ስተነትን አትስሙኝ፤ እውነተኛ የመጫወቻ ባቡር በእጄ ነክቼ አላውቅም። የኔ ባቡር በሽቦ የተቀጣጠለ የሰርዲን ጣሳ ነበር። ጎማው ቆርኪ፣ ሐዲዱ የደሴው ሆጤ አቧራ።

ከትንሿ ወደ ትልልቆቹ ተሻገርኩ። እኔ በረዶ ባቡር የሚያቆመው ሲከመር ይመስለኝ ነበር። የተከመረው እንኳ መላ አለው፤ ፊቱ ላይ ስለት ያለው ትልቅ መዘውር የሚሽከረከር ማሽን አለ፣ በረዶውን እየቆረጠ ወደ ዳር ይተፋዋል። ጣጣው ያለው ባቡሩ መስመር የሚቀይርበት ቦታ ላይ ነው። የሚንቀሳቀሰው ሐዲድ ከቋሚው ጋር ገጥሞ መዘጋት አለበት። መሃላቸው እፍኝ የማይሞላ በረዶ ከተሰነቀረ መስመሩ አይቀየርም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ሲያሞቁት ያድራሉ። እኔ እዚህ ከጋቢ ሌላ የለኝም፣ እዚያ ብረቱ ሳይቀር ይሞቅለታል።

ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በጀመሩት ፈጣን ባቡር መስመር ላይ፣ ሴኪጋሃራ በሚባለው በረዶ በሚበዛበት አካባቢ፣ በረዶው እንዳይቦንን ሐዲዱን ውሃ ይረጩታል። ባቡሩ በፍጥነት ሲያልፍ የሚቦንነው በረዶ ሆዱ ሥር ይጋገራል። ኋላ ብርዱ ቀለል ያለበት አገር ሲደርስ ይረግፍና የሐዲዱን ጠጠር ያስፈነጥረዋል። መስታወት የሚሰብረው ያ ነው። ፍጥነቱን የሚቀንሰውም ጠጠሩን ፈርቶ ነው።

ቀኑን ያስረሳኝ ግን የስዊዘርላንዱ በርኒና ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 የተጠናቀቀ መስመር ነው። የአልፕስን ተራራ ያለ ትልቅ ዋሻ በላይ በላዩ ይሻገራል። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት አለው፤ የድሮው የጅቡቲ ባቡራችንም በዚሁ ስፋት ነበር የሚሄደው። ክረምት ከበጋ ይሠራል። ከፍተኛው ጣቢያ 2,253 ሜትር ላይ ነው ሲሉኝ ጋቢዬን ገፍቼ ተነሳሁ።

ደሴ እኮ ወደ 2,500 ነው! ከነሱ ጣሪያ በላይ ነን።

ታዲያ በረዶው የት ሄደ? እነሱ ከምድር ወገብ በ46 ዲግሪ ርቀው ነው ያሉት፣ እኛ በ11። በዚያ ላይ የኛ ብርድ ደረቅ ነው። ዝናብ ሲኖር ሌሊቱ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዝናብ የለም። ስለዚህ የሚደርሰን ውርጭ ነው። የደላንታ ገበሬ ስለ ውርጭ ቢጠየቅ የመጫወቻ ባቡር ወሬ አያወራም፤ ባቄላው ነው ትዝ የሚለው።

ለኮምቦልቻው ጓደኛዬ ደወልኩለት። የበርኒና ባቡር ያለ ጥርስ ሐዲድ፣ ማለትም ዳገት ላይ ነክሶ የሚይዘው ጥርስ ሳይኖር፣ በ1,000 ሜትር ውስጥ 70 ሜትር ይወጣል አልኩት። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በሐረጎ አቀበት፣ ከፍታው ወደ 650 ሜትር ይለያያል፣ መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። በአማካይ ከ1,000 ሜትር 26 ብቻ! እያፏጨ ይወጣዋል።

«ሐረጎን በአማካይ ነው የምትወጣው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል።

«አብሽር፣ መጀመሪያ እኛ ጋ ያለው የባቡር መስመር ይንቀሳቀስ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በዚህ ተናድጄ ነው እንግዲህ ራሴ ልሥራው ያልኩት። ሞዴል ሠሪዎች አብዝተው የሚወዱት መጠን እውነተኛውን ለ87 ማካፈል ነው። አካፈልኩ። ሐረጎ ከነቁልቁለቱ ሰባት ሜትር ተኩል ሊሆን ነው። መንገዱ 287 ሜትር። ግቢያችን ደግሞ ከነሽንኩርቱ መደብ ይህን አይችልም። ለእትዬ ጠጋ ብዬ ነገርኳት።

«ሽንኩርቴን ትነካና!» አለች። ቀኑን ሙሉ ያናገረችኝ ይህንኑ ነው።

እሺ፣ ተራራው ይቅር። ኮምቦልቻ ጣቢያን ብቻ ከካርቶን ልሥራ። ሐዲዱን ከሽቦ። ባቡሩ ነው ኪስ የሚያራቁተው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መጣልኝ፤ ያለውን እንዳለ የምሠራ ከሆነ ባቡር ምን ያደርግልኛል? ከአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ጦርነትም አልፎበታል። መንገደኛ የጫነ ባቡር ሲያልፍበት እኔ በዓይኔ አላየሁም። ስለዚህ ካርቶን፣ ሽቦ፣ ትንሽ ሳር። በዓለም ላይ ከዚህ የረከሰ፣ ከዚህም የታመነ ሞዴል የሚሠራ ካለ ይምጣ።

ያልወሰንኩት አንድ ነገር አለ። ዱቄት ነስንሼ በረዶ ላድርግበት ወይስ ይቅር? እትዬ ዱቄቱን ካየች አለቀልኝ። ግን በረዶ ካለበት የሚያየው ሰው ባቡሩ የቀረው በአየሩ ምክንያት ይመስለዋል አይደል?