ቁሌት ጥጄ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

የዶሮውን ቁሌት ጥጄ ነው የምጽፍላችሁ። ሽንኩርቱ ገና አልቀላም፤ ጊዜ አለኝ።

የበዓል ድስት ስጥድ አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ጆርጂያ ጊልሞር ትባላለች፤ የአላባማዋ ሞንትጎምሪ ሰው። ሙያዋ ምግብ ማብሰል ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ሒሳቧን ከፈለች። ነጩ ሹፌር «ውረጂና በኋላ በር ግቢ» አላት። ወረደች። በሩ ጋ ሳትደርስ ነድቶት ሄደ። ገንዘቧን ይዞ! ሁለተኛ አልሳፈርም ያለችው ያኔ ነው። ሮዛ ፓርክስ፣ ያቺ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ያለችው፣ ገና አልታሰረችም ነበር።

ዲሴምበር ላይ ሮዛ ስትታሰር የከተማው ጥቁር ሕዝብ አድማ መትቶ አውቶቡስ ተወ። 381 ቀን። አድማውን ስለመራው ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ስብከት ሁላችንም ሰምተናል። ግን ሰው ሥራ መግባት አለበት፤ ሰዉን የሚያመላልሱት፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ስም የተገዙት መኪኖች ቤንዚን ይፈልጋሉ። ስለ ቤንዚኑ ማን ያወራል?

ጆርጂያ ሴቶቹን ሰበሰበች። ዶሮ ጠበሱ፣ ሳንድዊች ሠሩ፣ ኬክና የስኳር ድንች ፓይ ጋገሩ። በጸጉር ቤቱ፣ በታክሲ ተራው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሸጡት። ሰኞ ማታ በሚደረገው የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ገንዘቡን ስታስረክብ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል።

ማኅበሩን «ክለብ ፍሮም ኖዌር» አሉት፤ «ከየትም ያልመጣ ማኅበር» እንደማለት። ብዙዎቹ በነጮች ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ስማቸው ቢወጣ እንጀራቸው ይቆረጣል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከየትም! እኔ እንዲህ ያለ ብልጠት ደስ ይለኛል።

እሷ ግን አልተደበቀችም። በ1956 ኪንግ በአድማው ምክንያት ሲከሰስ ችሎት ቆማ የዚያን ሹፌር ነገር ተናገረች። ከሥራዋም ተባረረች። ኪንግ «ለምን በራስሽ ቤት አትሠሪም?» ብሎ ደገፋት። የመኖሪያ ቤቷ ምግብ ቤት ሆነ፤ የትግሉ መሪዎችም እዚያው እየበሉ ይመክሩ ነበር።

ያረፈችው በ1990 ነው። ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ከሰልማ ከተማ እስከ ሞንትጎምሪ የተደረገው ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሊከበር፣ ለሰልፈኞቹ ዶሮና ማካሮኒ እየሠራች ሳለ ታመመች። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው። የእሷ ለቅሶ ላይ ግን ሰዉ የበላው ራሷ ያበሰለችውን ነው። ይህቺን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የደብራችን ሴቶች፣ ዛሬ ሌሊቱን ከምድር ቤቱ ኩሽና የማትወጡት፣ ለእናንተ ደግሞ ለብቻ እንኳን አደረሳችሁ። ባለፈው ዓመት ለጣሪያው ማሠሪያ የተሰበሰበው ገንዘብ ከማን ሳምቡሳ እንደመጣ አውቃለሁ። ስማችሁን አልጠራም፤ ብጠራ እንደምትቆጡኝም አውቃለሁ።

በሉ፣ ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው። መልካም ገና!