ከሌላ ፋይል የሚመጣ ቁጥር

ኤክሴል ላይ ከሌላ ፋይል ቁጥር የሚያመጣ ረጅም ፎርሙላ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምቆጥረው አራት ማዕዘን ቅንፎቹን ነው። እያንዳንዱ ቅንፍ የሌላ ፋይል ስም አቅፏል። ሰው የሚፈራው የኢፎቹን (IF፣ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ» የሚሉትን) መደራረብ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅንፉ ጋ ነው።

ኤክሴል ለአንድ ፎርሙላ እስከ 8,192 ፊደልና ምልክት ይፈቅዳል። የሚሞላ አይመስልም። ነገር ግን ቁጥሩ የሚመጣበት ምንጭ ፋይል ክፍት ሳለ የሚታየው ስሙ ብቻ ሲሆን፣ ሲዘጋ ድራይቩና ፎልደሮቹ በሙሉ ከፊቱ ይደረደራሉ። 30 ምልክት የነበረው ማጣቀሻ፣ ማለትም የፋይሉና የሴሉ አድራሻ፣ 100 ሊያልፍ ይችላል። በቪሉክአፕ (VLOOKUP፣ ከሰንጠረዥ ፈልጎ በሚያመጣው ፈንክሽን) «ቪሉክአፑ ባዶ ካመጣ ባዶ ተው፣ ካልሆነ ያንኑ ቪሉክአፕ አምጣ» ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ ያንን ርዝመት ሁለቴ ይሸከማል። በ2021 እና በ365 ኤክሴል ሌት (LET) የሚባለው ፈንክሽን ለውጤቱ አንዴ ስም ሰጥቶ ደጋግሞ ለመጥራት ያስችላል፤ አሮጌ ኤክሴል ግን አያውቀውም። ረዳት ዓምድ ጨምሮ ፎርሙላውን ለሁለት መክፈል አሁንም አያሳፍርም።

የፈንክሽኖቹም ጠባይ ይለያያል። ቪሉክአፕ፣ እንዲሁም ኢንዴክስ (INDEX፣ በቦታው የሚያመጣ) ከማች (MATCH፣ ቦታውን ፈልጎ የሚናገር) ጋር፣ ምንጩ ተዘግቶም ያነባሉ። መስፈርት አይተው የሚደምሩትና የሚቆጥሩት ሰምኢፍ (SUMIF)፣ ሰምኢፍስ (SUMIFS) እና ካውንትኢፍ (COUNTIF) ግን ምንጩ ተዘግቶ እንደገና ሲሰሉ «ቫልዩ» (#VALUE!) የሚል ስህተት ያወጣሉ፤ በጽሑፍ ከተሰጠው አድራሻ የሚያመጣው ኢንዳይሬክት (INDIRECT) «ሬፍ» (#REF!) ይላል። ሁለቱም ፋይል ተከፍቶ ደህና የነበረ ፎርሙላ ብቻውን ሲከፈት የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተት ብሎ የሚጮኸው ግን ቀላሉ ነው። የከፋው ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚያመጣው ነው። ምንጩ ላይ ሲ ዓምድ ቅናሽ፣ ዲ ዓምድ ጠቅላላ ሽያጭ ነው እንበል፤ ቁጥሩን የሚቀበለው ፋይል፣ ማጠቃለያው፣ ዲ 14ን ይጠራል። ማጠቃለያው ተዘግቶ ሳለ አንድ ሰው ምንጩ ላይ ከሲ በፊት አዲስ ዓምድ አስገብቶ ሴቭ አደረገ። ቅናሹ ወደ ዲ፣ ሽያጩ ወደ ኢ ተገፋ። ማጠቃለያው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ሲከፈትና ሲታደስ አሁንም ዲ 14ን ያመጣል፣ ማለትም ቅናሹን። ሁለቱም ክፍት ቢሆኑ ኖሮ ማጣቀሻው ራሱን ያስተካክል ነበር። መድኃኒቱ ምንጩ ላይ ለሴሉ ስም መስጠት ነው፤ ከፎርሙላው መስመር በስተግራ ባለችው ሳጥን ክፍት ቦታ የሌለው ስም ጽፎ ኢንተር መምታት ይበቃል። ከዚያ ማጠቃለያው በስሙ ይጠራዋል፣ ሴሉ የትም ቢሄድ። ቪሉክአፕ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የዓምድ ቁጥር ግን ሁለቱ ፋይሎች ክፍት ቢሆኑም አይስተካከልም፤ 4 ምንጊዜም 4 ነው። ዓምዱን በርዕሱ በማች መፈለግ ይሻላል።

እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ሺት አለ፦ «መግቢያ»። ከውጭ የሚመጣ ቁጥር ሁሉ እዚያ አንዴ ብቻ፣ ያለ ምንም ስሌት፣ በቀጥታ ማጣቀሻ ይገባል፤ አጠገቡ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ይጻፋል። ሌሎቹ ሺቶች የሚያሰሉት ከመግቢያ እንጂ ከውጭ ፋይል አይደለም። ፎርሙላዎቹ ወዲያው ያጥራሉ፣ ሰምኢፍስም አያስቸግርም፤ የሚደምረው ከራሱ ፋይል ነውና። ማጣቀሻው በማውዝ ተጠቁሞ ከመጣ ግን አድራሻውን የሚቆልፉትን የዶላር ምልክቶች ማጥፋት አይረሳ፤ አለዚያ ወደ ታች ሲጎተት 200 ረድፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሞላል። ኢፍኤረርን (IFERROR፣ ስህተት ሲመጣ በምትኩ ሌላ ነገር የሚያሳየውን) ደግሞ እዚህ ሺት ላይ አላስገባም። የጠፋን ፋይል ዜሮ አስመስሎ የሚያሳይ እሱ ነው።

ምንጩ ቦታ ሲቀይር ፎርሙላ በፎርሙላ ማረም አያስፈልግም። ዳታ ሜኑ ውስጥ ኤዲት ሊንክስ ገብቶ ቼንጅ ሶርስ ማለት ነው (በአዲሶቹ ስሪቶች ወርክቡክ ሊንክስ ይባላል)። ከውጭ ፋይል ጋር ያለውን ግንኙነት የሚቆርጠው ብሬክ ሊንክ ግን ፎርሙላውን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፣ በ«አንዱ» (Undo) ትዕዛዝም አይመለስም፤ አስቀድሞ ኮፒ ማስቀመጥ ነው። ከዚያም በኋላ ፋይሉ ሲከፈት ስለ ሊንክ መጠየቁን ካልተወ ኔም ማናጀር (የተሰጡ ስሞች ዝርዝር)፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ዳታ ቫሊዴሽንና ቻርቶቹ ይፈተሹ። በኮንትሮል ኤፍ የግራውን አራት ማዕዘን ቅንፍ መፈለግ ሴሎቹን እንጂ እነዚህን አያሳይም።

ሌላ ወጥመድ፦ ማጠቃለያው ክፍት ሆኖ ምንጩን በአዲስ ወር ስም ሴቭ አዝ ካደረጉት፣ ሊንኩ ሳይጠየቅ አዲሱን ተከትሎ ይሄዳል። ያለፈው ወር ማጠቃለያ የዚህን ወር ቁጥር ይዞ ይገኛል።

ረጅሙ ፎርሙላ የት ላይ እንደሚሰናከል ለማየት፣ የፎርሙላውን መስመር በኮንትሮል ሺፍት ዩ አስፍቶ፣ በኦልት ኢንተር እየሰበሩ መደርደር ይቻላል፤ ስሌቱን አይነካም። ከዚያ የተጠረጠረውን ክፍል ብቻ መርጦ ኤፍ 9 ሲጫኑ ውጤቱ እዚያው ይታያል። መውጫው ኢስኬፕ ነው። ኢንተር ከተመታ ያ ክፍል ቁጥር ሆኖ ይቀራል፣ ሊንኩም አብሮ ይጠፋል።