ጥዱ ኪንታሮት አወጣ፣ አፕሌ ታመመ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ገዝታችሁ አፕል ልትተክሉ ካሰባችሁ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ተከላው ቀላል ነው። ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ጎልደን ዴሊሽስ የሚባለውን የአፕል ዝርያ ሁለት ችግኝ ተከልኩ፣ ውሃ አጠጣሁ። በቃ።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ መጥቶልኝ ነበር። እናቴ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው መንገድ ላይ በእግር እንሄዳለን። የድሮ ባቡር ሐዲድ የነበረ፣ አሁን 45 ማይል የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። እማዬ ከዳር ካለ ዛፍ ቅጠል ቀንጥሳ አሸተተች። “ይሄ እኮ ጥድ ነው!” አለች። “አይ እማዬ፣ ሬድ ሴዳር ነው የሚባለው” አልኳት። ልክ እሷ ነበረች። ስሙ ሴዳር ይባል እንጂ ከአገራችን ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው። ቅርንጫፉ ላይ የጎልፍ ኳስ የሚያህሉ ቡናማ እብጠቶች ተንጠልጥለዋል። “ምስኪን፣ ኪንታሮት አውጥቷል” አለች። ስቀን አለፍን።

ኤፕሪል ላይ ዝናብ ዘነበ። ጓሮዬ ውስጥ ያለው ጥድ ላይም ያው እብጠት ነበረና ከእያንዳንዱ ኳስ እንደ ጄሎ የሚንቀጠቀጥ ብርቱካንማ ቀንድ ወጣ። ጁን ላይ የአፕሎቼ ቅጠል በቢጫ ነጠብጣብ ተሞላ።

ነገሩ ፈንገስ ነው፤ ስንዴ ላይ የምናውቀው የዋግ ዘመድ። ለመኖር ሁለት ዛፍ ይፈልጋል። በጸደይ ከጥድ ወደ አፕል ይበራል፣ በጋው ሲያልቅ ከአፕል ወደ ጥድ ይመለሳል። ከአፕል ወደ አፕል አይተላለፍም።

የተበላሁት እዚህ ላይ ነው። የካውንቲው የአትክልት አማካሪ ጋ ደወልኩ። የተቀዳ ድምፅ መለሰልኝ፣ መልእክት ተውኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ሴት ደውላ “እብጠቶቹን በብርዱ ወራት ልቀማቸው” አለችኝ። እኔ ሞኙ አመንኩ። ፌብሩዋሪ ላይ ሁለት ቅዳሜ መሰላል ላይ ዋልኩ። ጣቴ ደነዘዘ። ሁለት ባልዲ ለቀምኩ። ጁን ላይ ነጠብጣቡ ያው!

ተናደድኩና ጥዱን ልቁረጥ አልኩ። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ፎርም ሙላ አለ፣ ፎቶ አምጣ አለ፣ አንድ ወር አስጠበቀኝ። መልሱ “ጤነኛ ዛፍ ስለሆነ አይቆረጥም” የሚል ነበር።

የሚያስቀኝም የሚያበግነኝም ይሄ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ በ1914 የወጣ ሕግ ነበር። ከአፕል እርሻ በ2 ማይል ውስጥ ያለ ጥድ አፕሉን የሚያሰጋ ከሆነ ባለቤቱ እንዲቆርጠው ይገደድ ነበር። ለዛፉ ካሳ የለም። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1928 ሕጉ ጸና። ያኔ አልቆርጥም ያለው ተገደደ፤ እኔ ልቁረጥ ብዬ ተከለከልኩ።

በኋላ ወደዚያው መንገድ ተመልሼ እብጠት ያለባቸውን ጥዶች መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ማይል ሳልጨርስ አርባ ላይ አቆምኩ። የፈንገሱ ብናኝ በነፋስ ብዙ ማይል ይጓዛል። የእኔ ለቀማ ውሃ መውቀጥ ነበር።

ስለዚህ አማካሪዎቹ ያሉትን ይበሉ፣ መሰላል አትውጡ። መድኃኒት መርጨት ይሠራል፣ ግን አበባው ገና እንቡጥ ሳለ ጀምሮ መደጋገም አለበት። ለሁለት ዛፍ እኔ አልደክምም። ሊበርቲ የሚባለውን ዝርያ ግዙ፣ ይህን በሽታ ይቋቋማል። ችግኙን የሸጠልኝ ሰውዬ “አካባቢህ ጥድ አለ ወይ?” ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? እኔስ ብጠይቀው?

ደግሞ እብጠት ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ። ኦክ የሚባለው ዛፍ ቅጠል ላይ ያለችው ኳስ የጥቃቅን ተርብ ቤት ናት፤ ተዉአት።

ጎልደኖቹን ነቅዬ ሊበርቲ ተከልኩ። ባለፈው እሑድ እማዬ ደውላ “ጥዱ ዳነ?” አለችኝ። እሱማ መቼ ታመመ።