ጤዛው ሳይረግፍ

የ2011 ዓ.ም ጥቅምት ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአባይ በረሃ ላይ የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነበር። አውቶብስ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ገደሉን ያነሳል። እኔም አነሳሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳየው ገደሉ ነጣ ያለ ግድግዳ መስሏል። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ያጥራል። ጥላ ካጠረ ያ ሁሉ ገደል ጠፍጣፋ ነው።

ለነገሩ የሄድኩት ለገደሉ አልነበረም። ቦርሳዬ ውስጥ ማክሮ ሌንስ ይዣለሁ፤ ትንሽ ነገርን ከቅርብ አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ ነው። ያማረኝ ትንንሹ ነገር ነው፤ የጤፍ ዘለላ፣ የሸረሪት ድር፣ የኑግ አበባ። ይህን ለማንሳት ደግሞ ከጎጃም ጠዋት የተሻለ ብርሃን አላውቅም።

በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ጋቢዬን ደርቤ ባጃጅ ያዝኩና ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ ዳር ወረድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሯል፤ ጥሩ ምልክት ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት ቅጠሉም ሣሩም ሙቀቱን ለሰማይ ሰጥቶ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ንፋስም የለም። በማክሮ ሌንስ ለሚያነሳ ሰው ንፋስ ከጨለማ ይብሳል።

ወገግ ሲል መንገዱ ዳር ካለ የጤፍ ማሳ ድንበር ላይ ተንበረከክሁ። ጤፉ ገና ዘለላ እያወጣ ነው። ሩቅ ሆነህ ስታየው ማሳው አመድማ ጭስ ይመስላል። ስትጠጋው ግን እያንዳንዷ የፀጉር ያህል ቀጭን ቅርንጫፍ በተርታ ጠብታ ይዛለች።

ጀንበር ብቅ ስትል ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ። ትምህርት ቤት "ፀሐይን ከጀርባህ አድርግ" ይሉን ነበር፤ ለጤዛ ግን አይሆንም። ብርሃኑ ከጠብታው ኋላ ሲመጣ ነው ጠብታው የሚበራው። ያን ሰዓት ብርሃኑ አግድም ረጅም አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ሰማያዊው መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ቢጫና ቀዩ ነው። ፍላሽ አላወጣሁም። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 8 ላይ አድርጌ፣ ነጭ ወረቀት ከጥላው በኩል ደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። በዚያ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው አንድ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሣር ጫፍ ላይ ብቻዋን የምትቀመጠዋ ክብ ጠብታ ብዙ ጊዜ ጤዛ አይደለችም። ሥሩ ሌሊት የሳበው ውሃ በቅጠሉ ጫፍ ሲወጣ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሣርን ዝም ብዬ ማለፍ አቅቶኛል።

"እንደምን አደርክ ልጄ? ምን ጠፋብህ?"

ቀና ስል አንድ አባት ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል።

"እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ? የጠፋብኝ የለም፤ ጤዛውን ፎቶ እያነሳሁ ነው።"

"ጤዛውን?" ትንሽ ዝም አሉ። "አንሳ እንግዲህ። ማሳው ውስጥ ግን እንዳትገባ። ጤፍ ከተኛ ተኛ ነው።"

እውነታቸውን ነው። አገዳው ቀጭን ነው፤ አንድ እግር የረገጠው ምርቱ ይጎዳል። ለአንድ ፎቶ የሰው ድካም መርገጥ ነውር ነው። ከድንበሩ ሳልወጣ የማገኘው ይበቃኛል አልኳቸው።

ካሜራውን አዙሬ አሳየኋቸው። ስክሪኑ ላይ አንዲት ጠብታ አለች። ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይቺ ጥቁር ምንድን ናት?"

"ያ ባሕር ዛፍ ነው አባቴ። ጠብታዋ እንደ ሌንስ ሆና ገልብጣ ይዛዋለች።"

ዞር ብለው ባሕር ዛፉን አዩት። እንደገና ጠብታዋን አዩ። "ከነቅርንጫፉ" አሉ ቀስ ብለው።

ጀንበር እዚህ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። ያ ሞቅ ያለ ብርሃን እኔ በቆጠርኩት 40 ደቂቃ አልሞላም። ጠብታዎቹ መጀመሪያ አነሱ፣ ከዚያ ትንሽ ንፋስ ሲመጣ ረገፉ። እኚያ አባት ሲለዩኝ "ነገ ጎህ ሲቀድ ና፤ ወዲያ ማዶ ኑግ አለኝ" አሉ።

ሄድኩ። ኑጉ ቢጫ በቢጫ ሆኗል። አንዱ አበባ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ የዱር ንብ ተኝታለች፤ ፀጉሯ ላይ ሳይቀር ጤዛ አለ። ብርድ ይዟት አትንቀሳቀስም። ሌንሱን እስከ መጨረሻው አስጠጋሁ። ክንፏ ላይ ያሉት ጅማቶች አንድ በአንድ ይታያሉ። ጥላው ከአበባው ላይ ሲነሳና ፀሐይ ስትነካት ሆዷ ቶሎ ቶሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። በፊት እግሮቿ ዓይኖቿን ጠረገች። ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ንብ እንዲህ ጡንቻዋን እያርገበገበች ነው የምትሞቀው። ሹተሩን ደጋግሜ ተጫንኩ።

የመጨረሻው ፎቶ ላይ ያለው ኑጉ ብቻ ነው። አበባው ትንሽ ዘንበል እንዳለ ነው።