የቅጠል ክምር ስጠብቅ ያደርኩባት ሌሊት

ስለ ሰደድ እሳት መከላከል የሚያሳስበው ደብዳቤ የመጣው ሜይ ላይ ነው። በቤትዎ ዙሪያ ያለውን ደረቅ ሣርና ቁጥቋጦ ያጽዱ ይላል። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩትና ረሳሁት። የነቃሁት ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው።

የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ የኦክላንድ ኮረብታ በ1991 ኦክቶበር ተቃጥሎ 25 ሰው ሞቷል። በዋዜማው ጠፋ የተባለ የሣር እሳት ነበር፤ በማግስቱ ነፋስ ሲነሳ አገረሸ። ቤቱን ስንገዛ ደላላው ይህን አላነሳም። ሲያወራልን የነበረው ስለ ቪው ነው።

ሣሩን አጨድኩ፣ አሸንዳውን ጠረግኩ፣ የዛፎቹን የታች ቅርንጫፍ ከራሴ በላይ ድረስ መለመልኩ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ከባለቤቴ ጋር የተጣላነው በጥብስ ቅጠሉ ነው። ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሰባት ዓመት ያሳደገችው፣ ወገቤ ድረስ የደረሰ ቁጥቋጦ ነበር። ግን ዘይታም ነው፤ ደርቆ ከተያያዘ አይመለስም። እዚህ አገር በሰደድ እሳት ጊዜ ብዙ ቤት የሚቃጠለው ነፋስ ከሩቅ ተሸክሞ በሚያመጣው ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪው ግድግዳ ሥር የሚበላው ካገኘ አለቀ። ነቀልኩት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ከጓሮ ደግሞ ሦስት ባሕር ዛፍ አለን። ሥራቸው የተላጠ ቅርፊትና ቅጠል እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። ልጅ ሆኜ እንጦጦ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እዚያ የወደቀውን ሁሉ እናቶች ጠርገው፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። እዚህ ማን ይጥረገው? እኔ ጠረግኩት። ከአጥሩ ጥግ የበቀለውንም ቁጥቋጦ መንጥሬ ሁሉንም ጋራዡ አጠገብ ከመርኩት። ክምሩ ደረቴ ድረስ መጣ። በቪዲዮ ለእናቴ ሳሳያት፣ "ውይ! ይሄ ሁሉ ጭራሮ! ስንት እንጀራ ይጋገርበት ነበር" አለች።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ክምሩ የት እንደሚሄድ ሳላውቅ ነው የቆረጥኩት።

ቅርንጫፍ የሚፈጭ መኪና በነፃ ይልካሉ የሚል ወረቀት ነበረኝ። ደወልኩ። ሦስት ሳምንት ጠብቅ ተባልኩ። በአራተኛው መጡ። ሁለት ልጆች ወርደው ክምሩን አዩ፣ አንዱ በጓንቱ አንድ ቀጭን ሐረግ መዘዘና ራሱን ነቀነቀ። ፖይዝን ኦክ የሚሉት፣ የነካውን ቆዳ የሚያሳብጥ መርዛም ተክል ነው። እሱ ካለበት አንፈጭም ብለው ሄዱ። ለካ ክንዴ እስከ ክርኔ ያበጠውና ሌሊት ሲያሳክከኝ የሚያድረው ከእሱ ነው! ግንዱ ደርቆም ቢሆን መርዙ አይለቅም። ወረቀቱ ላይ ግን ስለዚህ አንድም መስመር አልተጻፈም።

በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪው መጣ። የጠረግኩትን፣ የመለመልኩትን፣ የነቀልኩትን አላየም። ክምሩን ፎቶ አነሳና "ደረቅ ተቀጣጣይ ነገር ከሕንፃ አጠገብ" ብሎ ጻፈ። ለዳግም ምርመራ ክፈል ተባልኩ። የእናንተው መኪና ነው ጥሎት የሄደው ብዬ ተከራከርኩ። "እሱ ሌላ ክፍል ነው" አለኝ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። የሚያበግነኝ ግን እውነቱን መሆኑ ነው። እርጥብ የነበረውን ቁጥቋጦ ቆርጬ፣ አድርቄ፣ ጋራዤ ሥር የደመርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዲያብሎ የሚሉት ደረቅ ነፋስ መጣ። የእሳት ማስጠንቀቂያው ስልኬ ላይ ጮኸ። ሌሊቱን ጋቢ ለብሼ፣ የውሃ ጎማ ይዤ፣ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቅጠሉን ከክምሩ ላይ እያነሳ የጎረቤቴ ጣራ ላይ ይበትነዋል። በየሰዓቱ ክምሩን በውሃ አረጥባለሁ፤ በየሰዓቱ ይደርቃል። በነጋታው ቆሻሻ የሚጫንበት ትልቅ የብረት ገንዳ ተከራየሁ። 640 ዶላር ወጣ። ተጭኖ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

እኔን ከሰማችሁ፣ መጀመሪያ ማን እንደሚያነሳላችሁ ቀጠሮ ያዙ፤ መጋዙን ከዚያ በኋላ አንሱ። በአንድ ቀን ማንሳት የምትችሉትን ያህል ብቻ ቁረጡ። ኤፕሪል ላይ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ጀምሩ። ብሮሹሩ እስከ 100 ጫማ አጽዱ ይላል። ግቢያችን ራሱ ያን ያህል አይሞላም! ከግድግዳው 5 ጫማውን ባዶ ሳታደርጉ ስለ ሌላው አታስቡ። የተፈጨውን እንጨት ግቢያችሁ ላይ አልብሱት የሚለውንም ምክር፣ ከቤቱ አጠገብ ከሆነ፣ አልቀበለውም። ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ሣሩን አሳጥሩት እንጂ ሥሩን አትንቀሉ፤ ክረምት ዝናቡ አፈሩን ይዞት ይወርዳል።

ከጥብስ ቅጠሉ አንድ ቅርንጫፍ ተርፎ ነበር። በሸክላ ማሰሮ ተክለን ከግቢው ጫፍ፣ ከአጥሩ ዘንድ አስቀመጥነው። ባለቤቴ ጥብስ በተሠራ ቁጥር ቢላዋዋን ይዛ እስከዚያ ትሄዳለች። ስትመለስ በመስኮቱ በኩል ታየኛለች።