ርካሹ ኢርፎንና የጅሬን ዳገት

ዛሬ ጅማ መርካቶ ገብቼ ርካሽ ገመድ አልባ ኢርፎን ገዛሁ። ሻጩ "ኦርጅናል ነው" አለኝ። ሳቅኩ፤ ግን ከፈልኩ።

መጀመሪያ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው የቆርቆሮ ድምፅ ነው ያለው። ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ልመልሰው ስል ካርቶኑ ውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ሌሎች 2 ጥንድ የጫፍ ጎማዎች አየሁ። ትልቁን ቀየርኩለት። እመኑኝ፣ ሌላ ዕቃ ሆነ! ጎማው ጆሮን በደንብ ካልደፈነ ቤዙ በክፍተቱ ያመልጣል። ስንቱን ዕቃ በከንቱ ሰድቤ ይሆን? ለካ የግራ ጆሮዬ ከቀኙ ይጠባል፤ ለእሱ መካከለኛው ነው የሆነው።

ከዚያ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግሬ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ አልቦኝ እንኳ ኢርፎኑ አልወደቀም። ስልኬን የኋላ ኪሴ ስከተው ግን ይቆራረጣል። ብሉቱዝ የሰው ገላ አይወድም፤ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ሞገዱን ይውጠዋል። የጃኬቴ ደረት ኪስ ውስጥ ሳደርገው ተስተካከለ።

ካደረግኩት 1 ሰዓት ሲሞላ ጆሮዬን ያመኝ ጀመር። ማይኩማ አይነሳ! እናቴ ደውላ "አንቺ ልጅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። አውልቄ በስልኩ አወራኋት።